ባዶው በሙሉው ላይ

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ካርድ ክፍል ውስጥ እኔና ነርሷ ብቻ። ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ መጣ።

ኮምፒውተሩ ዛሬም ቀጭ ቀጭ ሲል ዋለ። ነርሷ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችውና፣ «ያንኮራፋል እንጂ ምን ሆነ? የእኔ ባል ሃያ ዓመት አንኮራፍቷል፣ ይኸው አልሞተም» አለች። ሳቅኩላት። ሆዴ ግን አልሳቀም።

የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሁለት ሺህ ከምናምን ሰዎች… ማን ጠዋት ስንት እንክብል፣ ማታ ስንት እንደሚወስድ የተጻፈው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሣውም በእሱ ነው። የወረቀት ካርዶቹ ጣሪያው ሲያፈስ ሻግተው ባለፈው ዓመት ተጣሉ። «ይጣሉ፣ ሁሉንም አስገብቻለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ግልባጭ የለም።

ዶክተሩን እንደገና ለመንኩት። «እሺ፣ ሁለተኛ ዲስክ ይገዛልሻል። ማን ይገጥመዋል?»

«እኔ።» አፌ ቀደመኝ።

ሐምሌ 9

ዲስኩ መጣ። ወረቀቶቼን አወጣሁ። ከቆሻሻ ሳጥን ያነሣሁት የመመሪያ ግማሽ፣ ሳሙና ተጠቅልሎበት የመጣ አንድ ገጽ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሲሠራ እያየሁ መድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ የሞነጫጨርኩት። ትምህርቴ ይኸው ነው። እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ሁለቱን ዲስኮች እንደ መስታወት ማድረግ ነው። አንዱ ላይ ያለው ሁሉ ሌላው ላይም ይኖራል፤ አንዱ ቢሞት ማሽኑ በሌላው ይነሣል። መጀመሪያ ግን አሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥ አለበት። እንዳይምታታብኝ አሮጌው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ሐሙስ ታካሚ አይበዛም። ነገ እሠራዋለሁ።

ሐምሌ 10

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ገመዱ አዲሱ ዘንድ አልደርስ አለ። አሮጌውን ነቅዬ ኮምፒውተሩ ውስጥ ታች ካለው ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ አዲሱን በእሱ ቦታ አደረግኩ። ማሽኑ ጠየቀኝ… ከዲስክ ዜሮ ወደ ዲስክ አንድ ይገልበጥ? አሮጌው ሁልጊዜ ዜሮ ነበር። ካርቶኔም ላይ እንደዚያ ጽፌያለሁ። አዎ አልኩት።

ቁጥሩ የዲስኩ አይደለም። የሶኬቱ ነው። እሱን የሚናገረው ገጽ የለኝም።

ሦስት ሰዓት ፈጀ። መቶ በመቶ ሊሞላ ሲል ደስ ብሎኝ ሻይ ቀዳሁ። ከዚያ አስነሣሁት። ስክሪኑ ጥቁር። በአንዱ ሞከርኩ፣ በሌላው ሞከርኩ… ጥቁር። ባዶውን በሙሉው ላይ ገልብጫለሁ። የዘጠኝ ዓመት ሥራ በገዛ እጄ።

ሐምሌ 11

ጠጋኙ መጣ። አሮጌውን ዲስክ አገላብጦ አየው። «ይሄማ ሽማግሌ ነው እትዬ። ቀኑ ደርሶ ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ?»

ልናገር ነበር። ዶክተሩ ቀደመኝ። «ያለበት ነገር ይወጣል?»

«የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።»

«እንጠብቃለን። እስከዚያ ለሁሉም የተለመደውን መጠን ስጡ፣ አንድ ጠዋት አንድ ማታ። በቃላቸው የሚሉትን አትቀበሉ፣ ያምታታሉ» አለን ዶክተሩ።

አፌን ዘጋሁ። አልዋሸሁም እኮ… ዝም ነው ያልኩት። ግን በላዩ ሌላ ከተገለበጠበት ምን ያወጣሉ? ምንም።

ሐምሌ 12

እህል አልወርድ አለኝ። እህቴ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ጨጓራ ነው አልኳት።

ሐምሌ 13

ነገ እናገራለሁ። ትናንትም እንዲህ ብዬ ነበር።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተራ እየጠበቀች ከወንበሩ ወደቀች። ነርሷ በጎኗ አስተኛቻት። ሹራቤን አውልቄ ራሷ ሥር አደረግኩ። ስድስት ደቂቃ ተንቀጠቀጠች። ሰዓቱን አየሁት፣ አይሄድም።

ከነቃች በኋላ እናቷ ወደ ግድግዳው ዞራ ተናገረች። «አርብ ነግሬያችሁ ነበር። ልጄ ሁለት ጠዋት፣ ሁለት ማታ ናት አልኩ። መዝገቡ እስኪገኝ ተባልኩ። ሁለት ዓመት ጥሏት አያውቅም።»

«ይገኛል እናት ዓለም፣ ትንሽ ታገሺ» አለቻት ነርሷ።

አይገኝም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ዶክተሩ ክፍል ገባሁ። «ዲስኩ በራሱ አልሞተም። ባዶውን ገልብጬበት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማንም አያወጣውም። አትጠብቁ።»

መነጽሩን አወለቀ። «መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ዕለት። ሐሙስ።»

«አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ…» በጣቱ ቆጠረ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን መልሶ አጠለቀና፣ «የዚህን ያህል መጠን ስጡ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ የእኔ ነው» አለ። «ያንቺን ግን እናትየዋ ካንቺ ትስማው።»

ነገርኳት። አልሰደበችኝም። «እንግዲያው ጻፊ» አለች። «ሁለት ጠዋት፣ ሁለት ማታ። አሁን ጻፊው።»

ወረቀት ሳጣ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ዝናቡ አባርቷል። ዶክተሩ የጻፈውን ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ የመድኃኒታችሁን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ ይላል። ጠረጴዛውን ወደ ደጅ ሳወጣ ነርሷ በአንድ ወገን ያዘችልኝ። አላናገረችኝም። ሁለት ደብተር አሰመርኩ። ሁሉንም ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ፤ አንዱ ደብተር ዶክተሩ ጋ ያድራል።

ስም ከመጠየቄ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው፣ «መዝገብዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። አንዷ ሴት ጥላኝ ወደ ነርሷ ሄደች። አንድ ሽማግሌ፣ «እንግዲያስ ስትጽፊው ከዕድሜዬ አሥር ቀንሺልኝ» አሉ። አልቀነስኩም። ማሸጊያቸውን አየሁ፣ ለልጃቸው ደውዬ አረጋገጥኩ፣ ጻፍኩ።

እስከ ስድስት ሰዓት ሠላሳ አንድ ሰው። በሁለቱም ደብተር የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለችው ልጅቷ ናት።