የጎደሉት ስምንት ገጾች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ እምሩ፣

ጤናዎ እንዴት ከረመ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔና ባለቤቴ ሳህሌ እዚህ ኤል ሴሪቶ ከተማ ደኅና ነን።

እዚህ ያለው አበሻ ሁሉ ስለ አንድ ልብ ወለድ ያወራል። ታሪኩ የሚፈጸመው እርስዎ ታስረውበት እንደነበረው ባለ የቀበሌ እስር ቤት ውስጥ ነው። እኔ አልወደድኩትም። ደራሲው እስረኞቹን ያሠቃይ የነበረውን መርማሪ ገና ሳይናዘዝ ይቅር ይለዋል። ሰው ጸጉሩ ስለሸበተ ወንጀሉ ይሰረዝለታል እንዴ? ይህን ስል ሳህሌ «ያለፈውን መቆስቆስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ተቆጣኝ።

ደግሞ እስረኞቹ የመርማሪውን መልክና ጠባይ የሚናገሩበት ቦታ ላይ ስምንት ገጽ ጎድሏል። የማተሚያ ቤት ስህተት መሰለኝና ደረሰኜን ይዤ ኦክላንድ፣ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። «ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ጎዶሎ መጽሐፍ አልወስድም!» ብዬ ድርቅ አልኩ። ሻጯ በሌላ ቅጂ ሪፕሌስ አደረገችልኝ። እዚያው ቆሜ ገጾቹን ቆጠርኩ፤ አንድም አልጎደለም።

እሑድ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ቸርች ሄድኩ። ስመለስ እነዚያው ስምንት ገጾች የሉም። ቤት የቀረው ጉንፋን የያዘው ሳህሌ ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ እንዳልነበረ ገባኝና ሻጯን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። እኔ ሳጠፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ! ሦስተኛውን ገዝቼ ኮንኮርድ፣ የቸርች ጓደኛዬ ትርፌ ቤት ቁጭ ብዬ ስምንቱን ገጽ ሁለቴ አነበብኩ። የመርማሪው መልክም ጠባይም እንግዳ አልሆነብኝም።

ወንድም ጋሼ፣ በሠርጌ ቀን ሳህሌን ገና እንዳዩት ምሳ ሳይቀምሱ ወጡ። «ሆዴን አሞኝ ነው» ብለውኝ ነበር። አሁን እንደ ልጅ አይሸንግሉኝ፤ እውነቱን ይጻፉልኝ።

እግዜር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። በስልክ ቤት ኮል አያድርጉ፤ መልሱን በትርፌ አድራሻ ይላኩልኝ።

እህትዎ ውብዳር