በሩ ላይ አልጋ ስለ ዘረጋው ፕሮግራምዎ

ለክቡር ዶክተር ናንጁንዳያ፣
የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ቤንጋሉሩ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ከሁሉም በላይ እንቅልፍዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የሰርቨር ክፍል ሰዎች ደክሞናል እንጂ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ሰው ሁሉ ከጥበብዎ እንዲማር ነው።

፩ኛ፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በገዛ እጅዎ ስለ ጻፉት የሪፖርት ፕሮግራም አመሰግናለሁ። አራት ባይት የሜሞሪ ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ቁጥሮቹን አጣብቀው ስለ ደረደሯቸው፣ አንዱ ቆጣሪ ግማሹ በአንድ የሜሞሪ መስመር፣ ግማሹ በሚቀጥለው ላይ ተኝቷል። ፕሮሰሰሩም ማንም ሳይነካበት ቆጣሪውን ለመለወጥ ወደ ሜሞሪ የሚወስደውን መንገድ በሙሉ ይዘጋል። አልጋውን በር ላይ የዘረጋ ሰው ቤተሰቡን ሁሉ እንደሚያስቆም ማለት ነው።

፪ኛ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንዲህ ያለውን ጥፋተኛ የሚይዝ ጠባቂ አለው፤ ስሙን ይመዘግባል፣ ሌላው እንዲያልፍም እሱን ራሱን ያዘገየዋል። የተመዘገበው የእርስዎ ፕሮግራም ነበር። ባልደረባዬ ሬቫቲ መዝገቡን ይዛ ስትመጣ «የኔ ልጅ፣ ፕሮግራሜ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሠርቷል! የታመመው ጠባቂው ነው፤ ዝጊው» አሏት። «ጌታዬ፣ የኮላር ወረዳ ወተት ሰብሳቢዎች ፕሮግራምም እዚሁ ማሽን ላይ ነው እኮ» ብትልም አልሰሟትም። ዘጋችው።

፫ኛ፣ ማክሰኞ ጠዋት የኮላር ሴቶች ቢዶናቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆሙ፤ ወተታቸውን የሚመዘግበው ፕሮግራም መንገድ ተዘግቶበት ነበርና። ረፋዱ ላይ ወተቱ መኮምጠጥ ጀመረ። አንዲት እናት ደውላ «ማሽናችሁ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል እንዴ?» አለችኝ። አፈርሁ።

በዚያው ቀን ሬቫቲን «ጠባቂውን ያለ ፈቃድ ዘግታለች» ብለው ከሥራ አገዷት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ነገ ጉዳይዋን የሚያየው መርማሪ ኮሚቴ ያሰናብታታል፤ ስለዚህ እውነቱን ዛሬ እንዲናገሩላት በትሕትና እለምንዎታለሁ።

የክቡርነትዎን መልካም ፈቃድ በመጠበቅ የሸበተው፣
ፑታራጁ፣ ከሰርቨር ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትእዛዙን በቃል ስለ ሰጡ ምስክር የለም ብለው ይሆናል። በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁትና እስከ ዛሬ በፍርሃት ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ነገ ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ። ጠባቂውንም ዛሬ ጠዋት መልሼ ከፍቼዋለሁ፤ ያለ ፈቃድ ማለት ይህ ነው።