አጥሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ

ውድ አቶ ሚልኪያስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ጉደር አጠገብ በሠሩልን መንደር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። «አጥሩን ያፈረሰ ቤቱን ያስረክብ» ማለትዎን ዘበኛው ነግሮናል። ያፈረስኩት እኔ ጥሩሰው ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠየቅ።

አምቦ ገበያ ጥግ ከላስቲክ ቤት አንስተው ቆርቆሮ ቤት ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን አልክድም። ቁልፉን ሲሰጡኝ «እኔም ልጅ የለኝም፣ እናንተው ናችሁ ዘመዶቼ» ብለውኝ አብረን አልቅሰናል። ውሃውን፣ መጸዳጃውን፣ የዶሮ ቤቱን ሳይቀር አሰቡልን። ቀባሪ ግን አላሰቡልንም። የአምቦው እድራችን «ሰፈር ለቃችኋል» ብሎ ሰረዘን። እዚህ ደግሞ ሁላችንም አሮጊት ነን፤ ማን ዶማ ያነሳል?

ጎረቤት ገበሬዎች ሰላምታም ነፍገውን ነበር። አልፈርድባቸውም። እርስዎ ችግኝ እንዳይበላ ብለው ያሳጠሩት ሽቦ የከብቶቻቸውን የወንዝ መንገድ ዘጋባቸው። መሬቱ ባዶ ነው ብለውን ነበር እኮ! የት አገር ነው ባዶ መሬት ያለው?

ግድግዳ የምንጋራው ጂቱ የሞተች ሌሊት ሬሳዋን ከበን ቁጭ አልን። አልቃሽ ሞልቶ ቀባሪ ጠፋ። ሲነጋ ኦቦ ቀንዓ፣ በዚያ አጥር የተነሳ ስምዎን መስማት የማይወዱት ገበሬ፣ ከነልጆቻቸው ዶማ ይዘው ከሽቦው ማዶ ቆመዋል።

«ለቅሶ ሰምተን መጣን። በየት እንግባ?»

«በዋናው በር ዙሩ» አላቸው ዘበኛው።

«ቤተ ክርስቲያኑ እዚሁ ከኋላችን ነው፤ ሬሳ ተሸክመን ያን ሁሉ ልንዞር?»

የጂቱን መጥረቢያ አንስቼ የአጥሩን ቋሚ መታሁት። የቀረውን ልጆቻቸው ጨረሱት። ጂቱን በዚያ አሳልፈን በወግ ቀበርናት።

በማግስቱ ከብቶቹም በዚያው ገቡ። ችግኝ መብላታቸውን አልደብቅዎትም፤ አሁን ችግኙን ለብቻው በእሾህ አጥረነዋል። ኦቦ ቀንዓ ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ «አካም ቡልተን?» እያሉ እንዴት እንዳደርን ይጠይቁናል። ከእነሱ ጋር አንድ እድር አቁመናል።

ስለዚህ አጥሩን አልመልስም። ቤቱን ከፈለጉት ቁልፉ ይኸው። ወደ ላስቲክ መመለሱ ያስፈራኛል፣ ግን እንደገና ቀባሪ ማጣት ይብስብኛል።

ሊያስወጡኝም ቢመጡ በዚያ በፈረሰው በኩል ይግቡ፣ እነ ኦቦ ቀንዓን ያገኟቸዋል። እርስዎንም የእድራችን አባል አድርገንዎታል። ክፉ ቀን ያርቅልዎ፤ የመጣ ዕለት ግን ልጅ የለኝም ብለው አይስጉ፣ እኛ አለን።

አክባሪዎ
ጥሩሰው