ዓሣ አይታረድም

ልደታ ኮንዶሚኒየም
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደላዊት፣ ኩዌት

«እናቴን በረሃ ለበረሃ እየጎተትክ ልትገላት ነው» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጥርቅም ማድረግ ምን የሚሉት ነው? ከጠመንጃ ያዥ እስከ ሰንጋ ተራ የመኪና ወንበር በማልበስ የሚደርስብኝ የለም፤ አንዲት እናቴን መያዝ ያቅተኛል? ስልክ ይዘጋል፣ ወረቀት አይዘጋም። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ጽሑፍ ነውና ፊደል አትልቀሚ፣ ነገሩን ያዢ። ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም፤ እንደዛ የሚጮህ ሰው ደህና ነው።

ማዘር ጅቡቲ ላይ እንደታመመች የነገረችሽ ራሷ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ግማሹን ነው የነገረችሽ። አንቺ ደግሞ ግማሹን ይዘሽ «ሃፍቶም አይችልባትም፣ አዲግራት አክስታችን ዕፀገነት ጋ ትሂድ፣ እዚያ ቢያንስ በሰዓቱ ትበላለች» ማለት ጀመርሽ። መጀመሪያ ሙሉውን ስሚ።

የሄድነው አራት ሆነን ነው፤ እኔና ማዘር፣ ጀለሴ መሐሙድና እናቱ እትዬ ዙሃራ። የመሐሙድን እህት ያገባው ሁመድ ቤቱ ጅቡቲ ነው፤ «ኑና ባሕር እዩ» ሲል ስንት ዓመቱ። ከጥምቀት በኋላ ባቡር ተሳፈርን። የስኳር ኪኒኗን ማን ያዘ? እኔ። የሁሉንም ፓስፖርት ማን ያዘ? እኔ። ስንቅ ብላ የቋጠረችውን ዳቦ ቆሎ ግን ድሬዳዋ ሳንደርስ ለባቡሩ ሰው በሙሉ አድላ ጨረሰችው። እናትሽን ታውቂያታለሽ።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም። ልዋሽሽ አልፈልግም። እዚያ አገር የሚታረደው ሁሉ የእስላም ነው። ሁመድ ለሷ ክብር ብሎ ሙክት የሚያህል ፍየል ጥሎ ጠበቀን። ሩዙም በዚያው መረቅ ነው የበሰለው። ማዘር ትሪውን አየት አደረገችና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ ባቡሩ ላይ ጠግቤያለሁ» አለች። የትኛው ባቡር ላይ? ሙዝና ደረቅ ዳቦ በልታ፣ ኪኒኗን ውጣ ተኛች።

ጠዋት ላይ ስኳሯ ወርዶ ላብ አጠመቃት፣ «ሃፍቶም» ስትል ድምፅዋ አይወጣም። ለስላሳ አምጥቼ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋት፣ ነቃች። አልደነገጥኩም። መሐሙድ «ጫማህን ሳታደርግ ነው አስፋልት አቋርጠህ ሱቅ የሮጥከው» ይላል፤ የጅቡቲ አስፋልት ያቃጥላል እንዴ ብዬ ልሞክረው ነው።

አሁን የኔን ብልጠት ተመልከቺ። ሁመድን ጎትቼ «ከሥጋ ውጪ ምን አላችሁ?» አልኩት። ወደብ አጠገብ የመናውያን ዓሣ ቤት ወሰደን። ደላ፣ ዓሣውን ጀርባውን ሰንጥቀው ይዘረጉትና ቀይ ቅመም ቀብተው ግድግዳው እሳት ወደሆነ የሸክላ ምድጃ ይከቱታል። ዳር ዳሩ ጠቁሮ፣ መሐሉ ወተት መስሎ ይወጣል። ከሱ ጋር የሲኖትራክ ጎማ የሚያክል ቂጣና በማር የተፈጨ ሙዝ። ማሩን እኔ ጨረስኩት፣ ለስኳሯ ስል።

ማዘር እጇን አልዘረጋችም። «ማነው ያረደው?» አለች።

መሐሙድ ሳቁ አፈነው። «እትዬ አሰፋሽ፣ ዓሣ አይታረድም እኮ! ከውኃ ሲወጣ ራሱ ነው የሚሞተው።»

«ምድጃውስ? ሥጋ ገብቶበታል?»

ተነሳች! ነጠላዋን አጣፍታ ሰተት ብላ ወጥ ቤት ገባች። የመናዊው አማርኛ አይችልም፣ እሷ ዓረብኛ አትችልም። ሁለት ጣቷን ግንባሯ ላይ እንደ ቀንድ አቁማ ምድጃውን አሳየችው። ሰውዬው ገባው፤ በሁለት እጁ «የለም፣ የለም» ብሎ መዳፉን እንደ ዓሣ አዋኘላት። አንገቷን ምድጃው ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራትም። ከዚያ እንደ ጤና ተቆጣጣሪ ወጥታ «ንጹሕ ነው» አለች። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ።

የዚህን ጊዜ እትዬ ዙሃራ ጠቅልላ፣ እሾሁን በጣቷ እየለቀመች አነሳች። ታውቂያቸዋለሽ፣ የድሮው ሰፈራችን ሳይፈርስ ጀምሮ ጎረቤት ናቸው፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ የሷ ድስት ለብቻ፣ የኛ ድስት ለብቻ። «አሰፋሽ፣ ሠላሳ ዓመት በድስት ተለያይተን ኖርን። እዚህ ድስት የለም፣ አፍሽን ክፈቺ!»

«እሾሁን አውጥተሻል?»

«አንቺን ገድዬ ከማን ጋር ልጣላ?»

ጎረሰች። «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከዚያ ማዘር ራሷ ጠቅልላ ለዙሃራ፤ ከዚያ ለመሐሙድ፤ እኔን ረሳችኝ ማለት ይቻላል። ያን የሚያህል ዓሣ አጥንቱ ብቻ ቀረ። ሁለቱ አሮጊቶች እንደ ሕፃን አፋቸው በቀይ ቅመም ተለቅልቆ ሲሳሳቁ እኔ ዘወር ብዬ መርከብ አየሁ። ትልልቅ መርከብ ነው ያላቸው።

በማግስቱ ሁመድ ከከተማ አውጥቶ የጨው ሐይቅ አሳየን። በረዶ የመሰለ ጨው ላይ ቆመሽ ከፊትሽ ሰማይ የወደቀበት ውኃ። እኔ ሳልዋኝ ተንሳፈፍኩ፣ ቪዲዮ አለኝ። ማዘር ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባችና ጨው ፈቅፍቃ ቀመሰች። «አባቴ ከገበያ አሞሌ ሲያመጣ በግመል መምጣቱን እንጂ የሚተኛበትን አላውቅም ነበር» አለች። እትዬ ዙሃራን ክንዷን ይዛ ነው የቆመችው። ያን ፊቷን አንቺ ብታዪ ኖሮ ስልክ አትዘጊም ነበር።

በቀሩት ቀናት ጠዋትም ማታም ዓሣ ነው፤ በሰዓቱ። እዚህ እንደገባን ክሊኒክ ወስጄ ስኳሯን አስለካኋት፣ ተስተካክሏል፤ ነርሷ «ምን እያበሏቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደረቴን ነፋሁ።

አዲግራት ያልሽውን ራሷን ጠየቅኳት። «እኔ ዕቃ ነኝ የምታሻግሩኝ?» አለች፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። መልሱ ይኸው ነው። ደግሞ ለኔ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ እኔ ለብቻዬ እኖራለሁ። ባለፈው ጠበል የሄደች ጊዜ ሦስቱንም ቀን እነመሐሙድ ቤት የዋልኩት የምበላው አጥቼ አይደለም።

ያጠፋሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም በማግስቱ አቃንቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ የትም ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደምትበላ ነው።

የልደታዋ እመቤት በሰው አገር ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፣ አሠሪሽንም ልብ ትስጣት። እኛ ሁላችንም እንወድሻለን፣ ስትጮሂም ጭምር።

ወንድምሽ ሃፍቶም

አሁኑኑ ለአክስቴ ደውለሽ «አትመጣም፣ ቀርቷል» በያት። ከዚያ ለኔ ጻፊ። ዛሬ! ነገ አይደለም።