የሳቭታ ዞህራ መታጠቢያ ጣሳ

እሑድ
ዛሬም አልታጠቡም። አስራ አንድ ቀን! ሳቭታ፣ በዕብራይስጥ አያቴ፣ የምላቸው ዞህራ ከሞሮኮ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ሮቫ ዩድ-አሌፍ የሚባለው ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው ገንዳውን አስነቅላ ሻወር ካስገባች ወዲህ፣ ውሃውን ስከፍት ይንቀጠቀጣሉ። ምክንያቱን ቢጠየቁም አይናገሩም። ልጅቱ ዛሬ ደወለች፦ «እስከ አርብ ካልታጠበች ቤት አቮት አስገባታለሁ።» መጦሪያ ቤት! እዚያ ከገቡ አይከርሙም፤ አውቃቸዋለሁ።

ሰኞ
ደረጃው ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት አስታማሚ አማከርኩ። እሷም ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ትንከባከባለች። እጀታ ያለው የፕላስቲክ መጥለቂያ አሳየችኝ። ባገሯ የሌለበት ቤት የለም፤ ያለሱ የታጠበች አይመስላትም።
እማዬን ጠየቅኳት፦ ጎንደር እያሉ በቅል ነበር የሚታጠቡት።
ሩሲያዊው ጎረቤቴ ደግሞ ረጅም እጀታ ያለው የእንጨት ጭልፋ አለው። ግን ገላው ላይ አይደለም፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ነው የሚያፈስበት። እንፋሎቱን ፍለጋ! ጉድ እኮ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ከሻወር ሌላ መች አውቃለሁ።

ማክሰኞ
ሁለት መጥለቂያ ገዛሁ። እንዳይበርዳቸው ብዬ የአንዱ ውሃ ፈሶ ሳያልቅ ሌላውን አስከተልኩ። ጮኹ! እጄን መቱኝ። «በቁሜ ልትገንዢኝ ነው?»
ፎጣ ደርቤላቸው ሲረጋጉ ነገሩኝ። በአገራቸው ወግ ውሃ ሳይቋረጥ የሚፈስበት ሬሳ ብቻ ነው። እናታቸው ሬሳ አጣቢ ነበሩ። ለካ ሻወሩም ሳይቋረጥ ስለሚፈስ የሬሳ እጥበት ሆኖባቸው ነው! የሞትን ስም መጥራት ፈርተው ነው እስከዛሬ ያልነገሩኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ረቡዕ
ከቁም ሳጥኑ ላይ የመዳብ ጣሳ አስወረዱኝ። ጠቁሯል። በሎሚና በጨው ፈተግኩት። እሳቸው ስለ ሞሮኮ መታጠቢያ ቤት ያወራሉ፤ እኔ እጠይቃለሁ። ስንቴ ይፈሳል? ከየት ይጀመራል?
«ከትከሻ። ከዚያ ታቆሚያለሽ፣ እተነፍሳለሁ። ራስ መጨረሻ ነው።»

ሐሙስ
ታጠቡ!!
ወንበር፣ ባልዲ፣ ጣሳ። አንዴ ትከሻቸው ላይ አፈሰስኩና አቆምኩ። ጣሳውን ከእጄ ነጠቁኝ። ገላቸው ላይ ሲያፈሱ ግማሹ እኔ ላይ ፈሰሰ። ቀጥለው «ጎንበስ በይ» አሉና ትናንት በተሠራሁት ሹሩባ ላይ ለቀቁብኝ። በሳቅ ሞትን።
ልጅቱ ሳታሳውቅ ከች አለች። የእናቷን ፀጉር አሸተተች፣ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች። «ቤት አቮቱ ይቅር» አለች። ስወጣ በሩ ላይ ጠየቀችኝ፦ «እሑድ ትመጫለሽ አይደል?»
እመጣለሁ አልኳት። አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ።