የአባባ ሁለተኛ ዓይን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፦

እንዴት ከርመሻል? ያ ወገብሽ ዛሬም ያስቸግርሻል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? አባባና እማማስ እንዴት ናቸው? ባለቤትሽስ? ትንሿስ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሐኪሙ የአባባ ሁለተኛ ዓይንም መሠራት አለበት ማለቱን፣ አንቺም «ካልቻልክ አትጨነቅ» ብለሽ መጻፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እታለሜ፣ ችያለሁ። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ባንክ ሄጄ ሙሉውን ልኬአለሁ። ቀን አስቆርጪ። ከማንም እንዳትበደሪ፤ ከቤት ዕቃም አንዲት ማንኪያ እንዳትሸጪ።

«ይኼ እጀ ቀዳዳ ከየት አመጣው?» ማለትሽ አይቀርም። መጀመሪያ ግን የደበቅኩሽን ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለአንደኛው ዓይን ስትጠይቂኝ «ደሞዝ አልተከፈለንም» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ተከፍሎን ነበር። እኔ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ በግብዣና ዛሬ እንኳ በማላስታውሰው ነገር ጨርሼዋለሁ። የስፌት መኪናሽን ሸጠሽ እንዳሳከምሽው የሰማሁት ከባለቤትሽ ነው፤ አንቺማ ትንፍሽ አላልሽም። የዚያን ቀን ሥራ ላይ ልቤ ከእኔ ጋር ስላልነበረ ሦስት ጣውላ ያለ ልኩ ቆረጥኩ።

በማግስቱ ወደ ገንዘብ ያዣችን ሄድኩ። ሠራተኛው ሁሉ «እሜቴ» የሚላት፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታስቀምጥ ሴትዮ ናት። የሠራተኛውን የቁጠባ ማኅበር የምትይዘውም እሷ ናት። «ከደሞዜ ሩቡን እጄ ሳይገባ ቁጠባ አስገቢልኝ» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ሩቡን አትችለውም፤ በሁለተኛው ወር ትሸሻለህ። ከአሥር አንዱን እንጀምር» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዲያም ሆኖ በሁለተኛው ወር ለጫማ ብዬ ገንዘቡን መልሺልኝ ልላት ሄድኩ። «ያለህ ጫማ ውሃ ያስገባል ወይስ አዲሱን ዓይንህ አየው?» አለችኝ። አኩርፌ ወጣሁ፤ ሳምንት ሙሉም ሰላም አላልኳት። ኩርፊያው ሲበርድልኝ የጫማው ነገርም አብሮ ወጣልኝ።

ከዚያ ወዲህ ደሞዝ በተጨመረልኝ ቁጥር ጭማሪውን እዚያው አስቀምጠዋለሁ፤ ያልለመድኩት ገንዘብ ስለሆነ አይናፍቀኝም። ሻዬንም ከቤት ይዤ እሄዳለሁ። ጓደኞቼ «ፔርሙዝ» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ክዳኑን ስከፍት ግን ኩባያ ይዘው የሚሰለፉት እነሱው ናቸው። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ማሽኖቹን አበላሽቶ ስድስት ሳምንት ሥራ ስንፈታ፣ ኪራዬን የማንንም ፊት ሳላይ በቀኑ ከፈልኩ። አከራዬ ግራ ገብቶት «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

ረቡዕ ዕለት ገንዘቡን ለምን እንደፈለግኩት ስነግራት፣ እሜቴ ምንም ሳትጠይቅ ፈረመች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና «አባትህን አይዞዎት ብላለች በልልኝ» አለችኝ። ውለታዋ አለብኝ። ከእሷ ይልቅ ግን የማመሰግነው አንቺን ነው። ያኔ ብትሰድቢኝ ኖሮ ተጣልቼሽ እገላገል ነበር። ዝም ስትይኝ መሸሻ አጣሁ።

እማማን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ምግብ በደንብ እበላለሁ፣ እንዲያውም ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አስፍቻለሁ በያት። ባለቤትሽን፣ ያኔ እውነቱን ስለነገረኝ አልተቀየምኩትም፣ ጭራሽ አመሰግነዋለሁ በይው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ።

አባባን በጣም ሰላም በይልኝ። ስለ ውሸቴ ግን አንቺ እንዳትነግሪው። እሁድ ጠዋት እደውላለሁ፤ ስልኩን ለእሱ ስጪውና ወጣ በይልን። ራሴ እነግረዋለሁ።

ወንድምሽ

ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
ጥር ፱ ቀን