የተፋቀው ማዕበል

መኪ ወዳጄ፣

«አሸዋውን ጠርጌላቸዋለሁ» ስትል የማዘጋጃ ቤቱን አዳራሽ የምታጸዳውን ላላ ሩቅያን ሰማኋትና፣ በዚህች አሸዋማ የባሕር ዳር ከተማ፣ በኤሳዊራ፣ አንድ ንጹሕ ወለል ተገኘ ብዬ ደስ እያለኝ ገባሁ። የተጠረገው ግን የሠዓሊው የሲ መሕጁብ ሥዕል ነበር።

ሽማግሌው በጋውን ሙሉ ከባሕሩ ግንብ ላይ ቆመው፣ ቀለሙን በግንበኛ ማንኪያ እየለጠፉ የሣሉት ማዕበል ነው። ቀለሙ ጣት ያህል ይወፍር ነበር። ነፋሱ የሚያመጣውን አሸዋ እርጥቡ ቀለም ላይ ሆን ብለው ይተዉታል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ማዕበሉ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው በዚያ ነው። ከተማቸው ሥዕል ሲሰቅልላቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። የዚህ አገር ሴቶች ደግሞ ጠዋት ማታ ከአሸዋ ጋር ጦርነት ላይ ናቸው፤ ሥዕሉን ሊያይ የሚመጣው አገረ ገዥ ከመድረሱ በፊት ላላ ሩቅያ አሸዋውን ከነቀለሙ በቢላ ፋቀችው።

«አንቺ ሴት፣ ባሕሬን ጨረስሽው እኮ!»

«ሲ መሕጁብ፣ ባሕርዎማ ያው በር ላይ ነው፤ ማን ወሰደብዎ? ደግሞስ እንግዳ በአሸዋ ይቀበሏል?»

አገረ ገዥው መጥቶ «እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። ሽማግሌው ወጥተው ሄዱ። የእኔም ደም እስካሁን እንደፈላ ነው፤ የእጅ ጽሑፌ የተበላሸው በዚያ ነው። በእኛ በፌስ ቆዳ ፋቂው እንኳ ቆዳው የማን እንደሆነ ጠይቆ ነው የሚፍቀው።

ቦታ አለቀብኝ። የእናትህን እጅ ሳምልኝ፤ ልጆቹንም እንደዚሁ። የካርዱ ሥዕል ያው ማዕበል ነው፤ ፎቶው የተነሣው ከመፋቁ በፊት ነው። በጣትህ ዳስሰው፤ እሱም ልሙጥ ነው።